ከየትኛው ዳር ሁለተኛ

ክንዱ እስከ ብብቱ ድረስ ገባ፤ ጣቶቹ ግን ምንም አልነኩም። ፎርማኑ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጉንጩን ከእርጥቡ ኮንክሪት ጋር አጣብቆ፣ እጁን ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ። ባዶ ነው። ወደ ግራም አንቀሳቀሰ፤ ያው ባዶ። እጁ የገባበት ቦታ የድልድዩ እግር መሠረት መሆን ነበረበት፤ መሠረት ደግሞ ውስጡ ባዶ አይሆንም።

የመጣው ገመድ ሊፈታ ነበር። ድልድዩ ለጥገና በተዘጋባቸው ሦስት ወራት የከተማው ሰው ሲሻገር የከረመው በጀልባ ነው፤ ባለጀልባዎቹም ገመዳቸውን ያሰሩት በዚህ እግር ላይ ነበር። ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ ይከፈታል፤ ገመዱም ይነሳል። ሠራተኞቹ ላይ ሆነው የመደገፊያውን ብረት ቀለም ሲቀቡ፣ ፎርማኑ “ተዉት፣ እኔ እፈታዋለሁ” ብሎ ብቻውን ወረደ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በጠዋት ወንዝ ውስጥ የሚገባበት ምንም ምክንያት የለውም። እሱ ግን እንዲህ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ሰውነቱን ይበላዋል። ገመዱ ከታች የሆነ ነገር ይዞት አልላቀቅ ቢለው ጎንበስ አለና እጁን ሰደደ። እጁም ገብቶ ቀረ።

ከዳር ወድቆ የነበረ ረጅም ብረት አምጥቶ ወደ ቀዳዳው ገፋ። ብረቱ ገባ፣ ገባ፣ አሁንም ገባ። ሲቆምለት በቀዳዳው አፍ ልክ በጣቱ ይዞ አወጣውና በስንዝር ለካው። ሰባት ስንዝር።

“የባሰ አታምጣ!” አለ፣ የሚሰማው ሰው ሳይኖር።

ቀጥሎ ያደረገው ለሰው ቢነገር የሚያሳፍር ነው፤ መቁጠር ጀመረ። ከወንዙ ወዲያ፣ ሆስፒታሉ ካለበት ዳር ተነስቶ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ የቆመበት አምስተኛው እግር ሆነ። የጠገኑት ሁለተኛውን ነው፤ ያውና፣ በአዲስ ኮንክሪት ተጠቅልሎ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ መስሎ ቆሟል። ዞረና ገበያው ካለበት ከወዲህኛው ዳር ተነስቶ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት። የቆመበት ሁለተኛ ሆነ፤ ካልሲ ያጠለቀው ደግሞ አምስተኛ። እንደገና ከወዲያ ጀመረ፤ መሀል ላይ ጠፋበት። ድልድዩ ያለው ስድስት እግር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በግንባታ የኖረ ሰው ደግሞ እስከ ስድስት መቁጠር አያቅተውም። ዛሬ ግን አቃተው።

ያን ጊዜ የዛሬ ሦስት ወሩ ነገር ትዝ አለው። ካልሲ ያጠለቀውን እግር በአሸዋ ጆንያ ከበው፣ ውሃውን በፓምፕ አውጥተው፣ መሠረቱን ቆፍረው ሲያዩት ደህና ነበር። በመዶሻ ሲመቱት የሚሰጠው ድምፅ የጤነኛ ኮንክሪት ድምፅ ነበር። ፎርማኑ ያኔ ለሠራተኞቹ “ምንም ያልታመመ ሰው አስተኝተን መርፌ እየወጋን ነው” ብሎ አስቋቸዋል። ስቀው ሲያበቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። ወረቀቱ “ሁለተኛው እግር ተበልቷል” ይላል፤ ወረቀት የጻፈ ሰው ደግሞ እኛ ያላየነውን አይቶ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ወደ ላይ ወጣና ወደ ሆስፒታሉ ዳር መራመድ ጀመረ። አምስተኛው እግር አናት ላይ ሲደርስ፣ ሳያስበው፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብሎ ረገጠ። ቀለም ቀቢዎቹ አይተውት ተሳሳቁ።

“ጋሼ፣ ቀለሙ እኮ ብረቱ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ደርቋል!” አለው አንዱ።

“ሥራህን ሥራ” አለ ፎርማኑ።

ሚስቱ ትዝ አለችው። ሆስፒታሉ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ በር ላይ ቆማ፣ “እኔ ዛሬ ጀልባ የሚባል ነገር አልረግጥም። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፤ የባሌን ድልድይ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምሻገረው” ብላዋለች። “የባሌን ድልድይ” ስትል እሱ በሆዱ ኩራት ኩራት ብሎታል፤ በአፉ ግን “ድልድዩ የመንግሥት ነው” ብሎ ወጣ።

ኢንጂነሯ በሆስፒታሉ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ሆና በመክፈቻው ላይ ለእንግዶች የምታነበውን ንግግር ትለማመዳለች። ከመጣች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ትጉህ ናት፣ ሰው ታከብራለች፣ ፎርማኑም እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ሲገባ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

“ጋሼ! ወደቁ እንዴ?”

“አልወደቅኩም። እስቲ ያንን የድሮ የምርመራ ወረቀት አውጪልኝ፤ ጥገናውን ያዘዘውን።”

“አሁን? ሦስት ሰዓት አልፏል እኮ።”

“አሁን።”

አወጣችው። ሁለት ገጽ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ፎቶው ላይ ጥቁር ቀዳዳ፣ ጥቂት ውሃና የሰው አውራ ጣት ይታያል። የየትኛው እግር ቀዳዳ እንደሆነ ግን አይታይም፤ ስድስቱም እግሮች ውሃ አላቸው፣ አውራ ጣት ደግሞ አድራሻ የለውም።

“እዚህ ጋ ‘ሁለተኛው እግር፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ጥልቀቱ አርባ አምስት ሴንቲ’ ይላል” ብላ አነበበችለት። “ምነው?”

“አምስተኛው እግር ሥር ቀዳዳ አለ። እጄን ከትቼ ነው የመጣሁት። በብረት ስለካው ሰባት ስንዝር።”

ኢንጂነሯ ሰባት ስንዝርን በሴንቲ ሜትር ስትመነዝር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ስትጨርስ ቁጭ አለች።

“ሜትር ተኩል ነው እኮ ጋሼ! እዚህ የተጻፈው አርባ አምስት ነው። ስለዚህ ይሄኛው ሌላ ቀዳዳ ነው ማለት ነው? አዲስ?”

“እኔ እንጃ።”

“ሁለት ቀዳዳ ነበረ ማለት ነው? ሁለተኛው ላይ ያለውን እኛ ዘጋነው፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ...”

“ሁለተኛው ላይ ቀዳዳ አልነበረም፣ ልጄ።”

“ሦስት ወር ሙሉ?” አለች።

“በመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ። ማለቴ አላወቅኩትም። ገርሞኝ ነበር። ወረቀቱ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።”

ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠው። ዓይኑ ቀኑ ላይ አረፈ።

“ይሄን ሳምንት አስታውሰዋለሁ” አለ። “ቢሮ የቀየርንበት ሳምንት ነው። አንቺ አልመጣሽም ያኔ። ቢሮው ድሮ ገበያው ዳር ነበር፤ በዚያ ሳምንት ነው ወደዚህ የተሻገርነው።”

“እና?”

“እናማ፣ የኛ መሥሪያ ቤት እግር የሚቆጥረው ከቢሮው በኩል ነው። ለቢሮው የቀረበው አንደኛ ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከገበያው ዳር ከተቆጠረ የዛሬው አምስተኛ ሁለተኛ ነው።”

ኢንጂነሯ ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። “እኔ ስመጣ ቢሮው እዚህ ነበር። ወረቀቱ ሁለተኛ ሲለኝ ከዚህ ቆጠርኩ። ከየት ልቆጥር ኖሯል?”

“ትክክል ነሽ።”

“ትክክል ከሆንኩ ቀዳዳው ለምን ሳይዘጋ ቀረ ታዲያ?”

ኢንጂነሯ ስልኳን አንስታ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደወለች፤ ፎርማኑም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ኃላፊው ገበያው ዳር ከእንግዶቹ ጋር ነው፤ ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

“ጥገናው አልቋል ብላችሁ የፈረማችሁት እናንተ አይደላችሁም?” አለ ኃላፊው፣ ነገሩን ሰምቶ።

“ነን፣ ጌታዬ። ግን ሌላ እግር ላይ...”

“ወረቀቱ ስንተኛውን ጠግኑ ይላል?”

“ሁለተኛውን።”

“የጠገናችሁትስ?”

“ሁለተኛውን።”

“ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?”

ኢንጂነሯ ፎርማኑን አየችው፤ ፎርማኑ የቆርቆሮውን ግድግዳ አየ። ነገሩ ሲጠየቅ እንዴት ቀላል ነው! ሁለተኛ የተባለው ሁለተኛው ተጠገነ። ጆሮ ለሰማው ምንም ጉድለት የለበትም።

“ከየት በኩል ሁለተኛ እንደሆነ ነው ያልታወቀው” አለች ድምፅዋ እየሰለለ።

“በሉ የጻፈውን ሰው ጠይቁት። ተሳስታችኋል ካለ ይደውልልኝ። ካልደወለ አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ሕዝቡ ሦስት ወር ታግሷል፤ እኔ ደግሞ ቀዳዳ አለ የለም እያልኩ እንግዳ ፀሐይ ላይ አላቆምም።” ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱን የጻፈው ሰው ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ለኪ ነበር። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሁሉም በስተጀርባው “ሲባጎ” ነው የሚለው። ቤቱ በዚሁ በሆስፒታሉ ዳር ነው፤ ከድልድዩ ብዙ አይርቅም። ፎርማኑ በእርጥብ ሱሪው እየሮጠ ነው የሄደው፤ ሩጫ ቢባልም ያው የጉልበተ ደካማ ሩጫ ነው። ሲደርስ ሲባጎ ግቢው ውስጥ በርከክ ብሎ የዶሮ ቤት ይሠራል። ለአምስት ዶሮዎች የሚሆነውን ቤት አራቱንም ማዕዘን በክር ወጥሮ፣ በውሃ ልክ እየፈተሸ ነበር።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የድልድዩን ምርመራ የጻፉ ጊዜ፣ ሁለተኛው እግር ብለው የጻፉት ከየት በኩል ቆጥረው ነው?”

ሲባጎ በመናቅ ተመለከተው። “ከቢሮው በኩል ነዋ! ዕድሜ ልካችንን ከየት በኩል ስንቆጥር ኖረናል?”

“ከየትኛው ቢሮ?”

“ስንት ቢሮ አለን?”

“በዚያ ሳምንት ሁለት ነበረን።”

ሲባጎ ክሩን ለቀቀው። ፊቱ ላይ የነበረው ንቀት ቀስ በቀስ ጠፋ።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ። “ጠረጴዛዬ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር። ቆሜ ነው የጻፍኩት፤ መስኮት ላይ አስደግፌ። ከመስኮቱ ወንዙ ይታየኝ ነበር።”

“ከሁለቱም ቢሮ ወንዙ ይታያል፣ ጋሼ።”

“እውነትህን ነው። ቆይ። ወንዙ ውስጥ የወረድኩት በገበያው ዳር ነው። አዎ፣ ጫማዬን እዚያ አውልቄ... አይ፣ አይደለም። ያ ሌላ ጊዜ ነው፤ ጫማዬን የሰረቁኝ ጊዜ። ወይስ ያን ጊዜ ነው የሰረቁኝ? በባዶ እግሬ ነው ወደ ቢሮ የተመለስኩት።”

“ወደየትኛው?”

“እንዴት አድርጌ ልወቅ!” ሲባጎ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። “ከገበያው በኩል ነው ብዬ ልምልልህ እችላለሁ። ከዚህ በኩል ነው ብዬም ልምል እችላለሁ። አንዱ ግን ውሸት ነው። ለሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ የጠየቀኝ የለም!”

ፎርማኑ ሄዶ ሲጠይቅ ነገሩ ይጠራል ብሎ ነበር፤ ይባስ ደፈረሰ። ቀዳዳው አንድ ይሁን ሁለት፣ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ ወረቀቱ ተሳስቶ ይሁን እነሱ፣ አሁን ምኑንም አያውቅም። እንዲያውም እጁን መክተቱን ራሱ ተጠራጠረና ክንዱን አየ፤ ከክርኑ በላይ ተፍቆ ቀልቷል።

ሲባጎም አየው። “እስከ የት ገባልህ?”

“እስከ ብብቴ። በብረት ደግሞ ሰባት ስንዝር።”

“እኔ ስለካው እስከ ክርኔ ነበር” አለ ሲባጎ በዝግታ።

“ታዲያ ያው ቀዳዳ አይደለም ማለት ነዋ?”

“ሁለት ክረምት አልፎበታል። ውሃ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ብለህ ነው?”

“ለኃላፊው ይደውሉለት በሉ። ይሄንኑ ይንገሩልኝ።”

ሲባጎ ረጅም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ግን ስልኩን ሳያወጣ ቀረ። “ምን ብዬ? የጻፍኩትን አላስታውስም ብዬ? ሰውዬው አላስታውስም የሚልን ሰው ይሰማል?” አለና ዓይኑን ወደ ዶሮ ቤቱ መለሰ። “አንተው ንገረው። እጅህን የከተትከው አንተ ነህ።”

ፎርማኑ ወጣ። በወንዙ ዳር ባለው መንገድ ሲመለስ ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ከሩቅ ገበያው ዳር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ይታያል፤ ከፊቱ ሰማያዊው አውቶቡስ ቆሟል። ከአውቶቡሱ ኋላ ደግሞ ስሚንቶ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ ረጅሙን ዙሪያ መንገድ ሲዞሩ የከረሙ ናቸው።

እግሩ ተራመደ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ቦታ ቆመ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል። ሕዝቡ ሦስት ወር በጀልባ የተንገላታው በከንቱ ነበር ቢባል ማን ይምረዋል? አልፎ አልፎም ደግሞ አንድ ድምፅ ይመክረዋል፤ ኃላፊው ሰምቷል፣ ኢንጂነሯ ሰምታለች፣ ወረቀቱም በማኅደር አለ፤ አንተ የድርሻህን አድርሰሃል፣ ከዚህ በላይ ምን ታደርጋለህ? የድልድዩ እግር ደግሞ ይኸው ሁለት ዓመት ተበልቶም ቆሟል፤ ዛሬ የሚወድቅበት ምን ምክንያት አለ? ይህን ሲያስብ ትንሽ ቀለል አለው። ቀለል ስላለው ደግሞ ፈራ።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

“አንተ ሰውዬ፣ የት ነህ? እዚህ ሰዉ ሁሉ ይፈልግሃል!” ድምፅዋ ፈንጠዝያ ነው። “አውቶቡሱ ውስጥ ገብቻለሁ። መስኮት አጠገብ ነኝ። የፎርማኑ ሚስት ናት ብለው ቦታ ለቀቁልኝ እኮ!”

“ውረጂ” አላት።

“ምን?”

“ውረጂ ነው የምልሽ። አሁኑኑ ከአውቶቡሱ ውረጂ። በጀልባ ነይ።”

“ምን ሆነሃል? ጤናህ ነው?”

“እባክሽ አትጠይቂኝ። ውረጂና ዳር ላይ ቁሚ።”

በስልኩ ውስጥ የሰው ሳቅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሚስቱ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

“ድልድዩ ነው?”

“አዎ።”

“የሠራችሁት አይደለም እንዴ?”

“ሌላውን እግር ነው የሠራነው። ነገሩ ረጅም ነው፤ ማታ እነግርሻለሁ። ብቻ ውረጂ።”

“ሕፃን ያቀፈች ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች” አለች ሚስቱ። “ከኋላ የነርሶቹ ፈረቃ አለ። ሰዉ ቆሞ ሞልቷል። እኔ ብቻ ነኝ የምወርደው?”

ፎርማኑ መንገዱ መሀል ቆመ። ጠዋት ገመድ ሊፈታ ከወረደ ጀምሮ ሁለትና አምስት፣ ከወዲህና ከወዲያ፣ ክርንና ብብት ጭንቅላቱ ውስጥ ሲምታቱበት ነበር። ከየት በኩል እንደሚቆጠር አሁንም አያውቅም፤ ምናልባት መቼም አያውቅም። ሚስቱን ግን “ውረጂ” ለማለት አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም፤ ማንንም አልጠየቀም፣ ወረቀትም አላየም። ይህን ሲረዳ አፈረ።

“ስልኩን ለሹፌሩ ስጪልኝ” አላት።

ሚስቱ “አሳልፉኝ፣ አሳልፉኝ” እያለች በሰው መሀል ስትጋፋ ይሰማዋል። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ።

“ሄሎ? ማን ልበል?”

“የድልድዩ ፎርማን ነኝ። ሞተሩን አጥፋው፣ ወንድሜ።”

“እንዴ! ኃላፊው እኮ አሁን ሂድ ብለው እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነው።”

“ይታየኛል። አጥፋውና ቁልፉን ነቅለህ ውረድ። ሰዉንም አውርደው። ከኋላህ ላሉት መኪኖችም ንገር። አንድ እግር ሥሩ ባዶ ነው፤ እጄን ከትቼ አይቻለሁ።”

“ጋሼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ማን ከለከለህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ወረቀት አለዎት?”

“የለኝም” አለ ፎርማኑ፤ ወደ ድልድዩ መሮጥ ጀምሮ ስለነበር ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። “ማነው ያበላሸው ካሉህ እኔ ነኝ። ያልታመመውን እግር ነው የጠገንኩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ገርሞኝ ዝም አልኩ። እንደነገርኩህ አድርገህ ንገራቸው፤ እየመጣሁ ነው።”

በስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የሞተር ድምፅ ቆመ።